ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ሎጅ ልነድፍ ነው፤ ኤሊውንም ዓሣውንም ሳላባርር እንዴት ላድርገው?

ነዳፊው_ከዚራ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ቢሮዬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከጅቡቲ ደንበኛ መጥቶልኛል። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር ቦታ አለው፤ ሎጅ ይፈልጋል። ያዘዘኝ ይኸው፦ ከአልጋ ሳይነሡ ባሕሩን የሚያሳዩ ክፍሎች፣ ውኃው ድረስ የሚወርድ ደረጃ፣ በድንጋይ የተሞላ የጀልባ መቆሚያ፣ ማታ ደግሞ ሌሊቱን ቀን የሚያስመስል ባውዛ።

ችግሩ ቦታው ነው። ፊት ለፊቱ ኮራል (ደቃቅ የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር) አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ዳር ይጠጋል። የአካባቢው ሰዎች እንደነገሩኝ ደግሞ አሸዋው ላይ ኤሊ ወጥታ እንቁላል ትጥላለች። ከመሬቱ ጎን እንደኛ ደቻቱ ያለ ደረቅ ወንዝ ይወርዳል።

ደንበኛው ክፉ ሰው አይደለም። «ተፈጥሮውን እንዳትነካብኝ፣ እንግዳ የሚመጣው ለእሱ ነው» ይላል። ትንፋሽ ሳይወስድ «ባውዛው ስንት ይሁን?» ይላል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው በባለሙያ ይሠራል፤ «ጥናት አስጠና» ብላችሁ እንዳታልፉኝ። እኔ የምፈልገው ወረቀት ላይ መስመር ሳሰምር እጄን የሚይዘኝን ነገር ነው። ከውኃው ምን ያህል ልራቅ? ፍሳሹን የት ልውሰደው? መብራቱን ምን ላድርገው?

የሳቢያን_ልጅ

አቦ፣ ድሬ ላይ ተቀምጦ ባሕር! እኛ እኮ ውኃ የምናየው ደቻቱ ሲቆጣ ብቻ ነው። ለማንኛውም ክሩን ይዣለሁ፤ በርጫው ደርሷል፣ ቀጥሉ።

ባሕረኛ_ታጁራ

ሰላም የድሬ ልጅ። እኔ ጀልባ ላይ ነው የምሠራው፤ ጠላቂዎችን ይዘን እንወጣለን። ስለ ሕንፃ አላውቅም። ስለ ዓሣው ግን ልንገርህ።

ዌል ሻርክ በዓለም ላይ ትልቁ ዓሣ ነው፤ ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እኛ ጋ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው፤ ከ3 እስከ 6 ሜትር ግድም። ሰው አይነኩም። አፋቸውን ከፍተው ፕላንክተን (ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ሕይወት) ያጣራሉ። ፕላንክተኑ ላይ ላዩን ስለሚሆን እነሱም ላይ ላዩን ይሄዳሉ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ሲበሉ ጀልባ መጣ አልመጣ ግድ የላቸውም። ጀርባቸው ላይ ፕሮፔለር የቆረጠው ጠባሳ አይቻለሁ፤ እኩል እኩል ተራርቆ የተሰመረ፣ አንዳንዱ ነጭ ሆኖ የዳነ፣ አንዳንዱ ገና ሮዝ። ክንፉ ጫፍ የተቆረጠም አለ።

ስለዚህ ንድፍህ ላይ ከክፍሎቹ በፊት የጀልባውን መንገድ አስምር። አንድ መውጫ፣ አንድ መግቢያ፣ ከዚያ ውጪ ሞተር አይነሣም። ጀልባው መልሕቅ እንዳይጥል ቋሚ ቡይ (ጀልባ የሚታሰርበት ተንሳፋፊ) ይተከልለት። መልሕቅ ኮራል ላይ ሲጎተት በአንድ ጠዋት የሚሰብረውን ኮራሉ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር፣ ቢፈጥን ጥቂት ሳንቲ ሜትር እያደገ ነው የሚተካው። ግብፆች ቀይ ባሕር ዳር ሁርጋዳ ላይ ከ1990ዎቹ (በፈረንጅ) ጀምሮ ቡይ የተከሉት መልሕቁ ምን እንደሚያደርግ ስላዩ ነው።

ደግሞ በድንጋይ የተሞላ መቆሚያ አትሥራ። ወላሂ አትሥራ። አሸዋ በማዕበል እየተገፋ ዳር ዳሩን ይጓዛል። መንገዱን በድንጋይ ከዘጋህበት በአንድ ጎን ይከመራል፣ በሌላው ጎን ዳርቻው ይበላል። በሁለት ሦስት ዓመት ደንበኛህ «አሸዋዬ የት ሄደ?» ብሎ ይደውልልሃል። ምሰሶ ላይ የቆመ ቀጭን ድልድይ ይበቃል፤ ውኃውም አሸዋውም በሥሩ ያልፋል።

ነጋዴው_ታይዋን

እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አሁን የድንጋይ መቆሚያ የለም አላችሁ፤ ቀጥሎ ባውዛ የለም፣ ባሕሩ አጠገብ ክፍል የለም ካላችሁ ሰውየው ለምን ሎጅ ይሠራል? ድንኳን ይትከል። ጅቡቲ ስመላለስ ብዙ ሆቴል አይቻለሁ፤ ሁሉም ውኃው አፍ ላይ ነው። ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለእሱ ነው።

ሐረማያ_ዳር

ነጋዴው፣ የሐረማያን ሐይቅ ታስታውሳለህ መቼም። ድሬ ሐረር ስትመላለስ በመስኮት ታየው ነበር። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ከእሱ ነው። እያንዳንዱ ገበሬ ለጫቱ አንድ ፓምፕ ነው የተከለው፤ ማንም ሐይቅ ላድርቅ ብሎ አልተነሣም። ከላይ ተዳፋቱ ተራቁቶ ደለል ወረደ፣ ከታች ፓምፑ በዛ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ከብት የሚጋጥበት ሜዳ ሆነ። ሐረር ጀሪካን ይዛ ተሰለፈች። አሁን ውኃው ተመልሷል፣ ወፉም አብሮ መጥቷል፤ ዳር ዳሩን ካፌ የሚመኘውም በዝቷል። አንዱ ካፌ ምንም አይጎዳም። ሁሉም «የኔ አንድ ብቻ ነው» ሲል ነው ጉዱ።

አንተ ያየሃቸው ሆቴሎች ውኃው አፍ ላይ ናቸው ማለት ትክክል ናቸው ማለት አይደለም። ሁርጋዳ ላይ በ1980ዎቹና 90ዎቹ (በፈረንጅ) መሬት ለማግኘት ጥልቀት የሌለውን ኮራል በአፈር እየሞሉ ሠሩበት። ጠላቂ የሚመጣው ለኮራሉ ነበር። ኋላ ግብፅ በ1994 ባወጣችው የአካባቢ ሕግ ቁጥር 4 ከባሕሩ ጠርዝ 200 ሜትር ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንባታ ከለከለች። የተሠራው ግን ተሠርቷል።

ነጋዴው_ታይዋን

200 ሜትር?! የሰውየው መሬት ራሱ ያን ያህል ጥልቀት ከሌለውስ?

ነዳፊው_ከዚራ

አለው፤ ወደ ውስጥ ይገባል። ግን ከኋላው ድንጋያማ ኮረብታ ስለሆነ አልወደደውም።

እህተ_ባቢሌ

ወንድሜ፣ ኮረብታው እኮ ስጦታ ነው! ከፍ ካልክ ባሕሩን ታያለህ፣ ባሕሩ አያይህም። እንግዳውም ከአልጋው ሳይነሣ ያያል፤ ደንበኛህ የጠየቀው ይኸንኑ አይደል?

እኔ ከዝሆን ጋር የተያያዘ ሥራ ላይ ነኝ። የባቢሌ መጠለያ ከተከለለ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። ወደ 7,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካርታ ላይ ስታየው ሰፊ ነው። ዝሆኑ ግን ካርታ አያነብም፤ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ሰውም የሚሰፍረው እዚያው ወንዙ ዳር ነው። ሰፊው መሬት ባዶ ሆኖ ጠቡ ሁሉ ጠባቧ መስመር ላይ ነው። ያንተ ኤሊም እንደዚሁ ናት። ባሕሩ ሁሉ የሷ ነው፤ ለእንቁላሏ የምትፈልገው ግን ያቺን የአሸዋ ቁራጭ ነው። እሷን ከተውክላት ሌላው ላይ ብዙ መሥራት ትችላለህ።

ነዳፊው_ከዚራ

እሺ፣ ስለ ኤሊዋ የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ይንገረኝ። መብራቱን ብቻ ባጠፋ ይበቃል?

ባሕረኛ_ታጁራ

አይበቃም፤ ግን ከመብራቱ ጀምር።

እናቲቱ ሌሊት ነው የምትወጣው። ብርሃን ካየች፣ ሰው ከተንቀሳቀሰ፣ ወንበር ከገታት፣ ሳትጥል ትመለሳለች። ከጣለች እንቁላሉ አሸዋ ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ወደ ብሩሁ አድማስ ነው የሚሮጡት። ተፈጥሮ ላይ ብሩሁ ባሕሩ ነው፤ ሰማዩን ያንጸባርቃል። ሎጅ ካለ ብሩሁ ሎጁ ይሆናል። ተሳስተው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ያደርቃቸዋል፣ ወይ ቁራ ይለቅማቸዋል።

የመብራቱ ደንብ ቀላል ነው። ዝቅ ይበል፣ ወደ መሬት ይዙር፣ አምፖሉ ከዳርቻው አይታይ። ቀለሙ ወደ ብርቱካናማና ቀይ ያዘንብል፤ ነጭና ሰማያዊው ነው የሚጎዳቸው። የክፍሎቹ መስኮት ወፍራም መጋረጃ ይኑረው። እንግዳው ውጪ ሲወጣ ትንሽ ቀይ ባትሪ ይያዝ።

ሌላው፦ አሸዋው ላይ መኪና አይግባ። ጎማው የሚተወው ቦይ ለኛ ምንም አይደል፤ ለጣት ለማታክል ኤሊ ግን ገደል ነው። ወንበርና ጥላ ማታ ማታ ይነሣ። ደግሞ ዳር ያለውን ቁጥቋጦ «እይታ ይከልላል» ብላችሁ አትቁረጡ። ኤሊ ወንድ ወይ ሴት የምትሆነው በአሸዋው ሙቀት ነው፤ 29 ዲግሪ ግድም መካከለኛው ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሞቅ አብዛኛው ሴት ይሆናል፣ በጣም ሲሞቅ እንቁላሉ ይበላሻል። የጅቡቲን አሸዋ ታውቀዋለህ። ያለው ጥላ አይነካ።

የሳቢያን_ልጅ

የኤሊ ፆታ በአሸዋ ሙቀት መሆኑን ዛሬ ሰማሁ። ድሬ ላይ ቢሆን ወንድ ኤሊ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር 😂

ነጋዴው_ታይዋን

ግን አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ማታ ጀልባው ላይ መብራት ሲበራ ያ ትልቁ ዓሣ ራሱ ይመጣል ይላሉ። ታዲያ ባውዛው ሳበው እንጂ መች አባረረው?

ባሕረኛ_ታጁራ

እውነት ነው፤ ይመጣል። መብራቱ ፕላንክተን ይሰበስባል፣ ፕላንክተኑ ዓሣውን ይጠራዋል። ግን የት ነው የምትጠራው? ጀልባ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ላይ! ምግብ ዘርግተህለት ፕሮፔለር ሥር ታስቀምጠዋለህ። በዚያ ላይ ያው መብራት ነው ዳር ያለችውን ኤሊ የሚያሳስተው። ለአንዱ ትርዒት ሌላውን መግደል ነው።

ጋሽ_ውኃ

ጤና ይስጥልኝ ልጆች። ሐረር ነው ያለሁት፤ ዕድሜዬን ውኃና ፍሳሽ ላይ የሠራሁ ጡረተኛ መሐንዲስ ነኝ። ስለ ኤሊው ተምሬያለሁ፣ ባሕረኛው ይባረክ። የከዚራው ልጄ፣ አንተ ስለ ፍሳሹ ጠይቀህ ማንም አልመለሰልህም።

እዚህ እንደለመድነው ጉድጓድ ቆፍረህ ሴፕቲክ ታንክ ብለህ እንዳትገላገል። ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ውኃ አይዝም፣ አያጣራምም ማለት ይቻላል፤ የከርሰ ምድር ውኃውም ቅርብ ነው። ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ የገባው በቶሎ ባሕር ውስጥ ነው። ኮራል የሚኖረው ድሀ ውኃ ውስጥ ነው፤ ንጹሕና ማዳበሪያ የሌለው። ሽንት ቤትና ወጥ ቤት ማዳበሪያ ሲልኩለት አልጌ ይወፍርና ያፍነዋል። ዓይንህ ላይ አይታይም፤ ውኃው ያው ሰማያዊ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ኮራሉ አረንጓዴ ጸጉር ያወጣል።

ሁለት መንገድ አለህ። ሽንት ቤቱን ውኃ የማይፈልግ ደረቅ አድርገው፤ ይበሰብስና አፈር ይሆናል። የመታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ውኃ ደግሞ ቅባቱን አስቀርተህ፣ ታችና ጎኑ በፕላስቲክ በታሸገ የጠጠር አልጋ ውስጥ አሳልፈው፤ ላዩ ላይ ሸምበቆ ይተከልበት። የተጣራውን ወደ ባሕር አትስደደው። ከኋላ ለተተከለው ዛፍ አጠጣው።

አሁን ወደሚከብደው። የሚጠጣውስ ከየት ይመጣል?

ነዳፊው_ከዚራ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኸን ላነሣ ነበር። ዛንዚባር አጠገብ ቹምቤ የምትባል ደሴት አለች። ዙሪያዋ ያለው ኮራል ከ1994 (በፈረንጅ) ጀምሮ የተጠበቀ ነው። ሰባት ጎጆ ብቻ ነው ያላት። ጣሪያው የዝናብ ውኃ ይሰበስባል፣ ከወለሉ ሥር ታንከር አለ፣ ሽንት ቤቱ እርስዎ እንዳሉት ደረቅ ነው፣ ኃይሉ ከፀሐይ። ድሮ እዚያ ዓሣ ያጠምዱ የነበሩ ሰዎች ሠልጥነው ጠባቂ ሆነዋል። ጣሪያውን እንደዚያ ባደርገውስ?

ጋሽ_ውኃ

ቹምቤ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ጣሪያዋን ግን እዚያው ተዋት። ዛንዚባር ላይ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይዘንባል። ጅቡቲ ላይ 150 ካገኘህ ጥሩ ዓመት ነው። ስሌቱን ተመልከት። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በ150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢበዛ 15,000 ሊትር ይሰጥሃል፣ በዓመት። አንድ እንግዳ በቀን 200 ሊትር ቢያፈስ በሁለት ወር ተኩል ብቻውን ይጨርሰዋል። እሱም ጠብታ ሳይባክን። ታንከሩን ሥራው፣ ለጠባቂዎቹ ይጠቅማል። ሎጅ ግን አያኖርም።

ደንበኛህ «የባሕር ውኃ አጣርቼ» ማለቱ አይቀርም። ማሽኑ ከ100 ሊትር የባሕር ውኃ 40 ያህሉን ጣፋጭ አድርጎ 60ውን ይመልሳል። የሚመለሰው ጨው ተሸክሞ ነው፤ እዚያ ባሕር ላይ በሊትር 36 ግራም የነበረው ወደ 60 ይደርሳል። ጨዋማው ውኃ ከባድ ስለሆነ አይደባለቅም፤ መሬት መሬቱን ተኝቶ ይሄዳል። የሚሄድበት የባሕር ሣርና ኮራል ነው። ስለዚህ ቱቦውን በኮራሉና በዳርቻው መካከል ባለው የረጋ ውኃ ውስጥ አታውጣው። ወይ ውኃ በደንብ የሚንቀሳቀስበት ጥልቅ ቦታ ድረስ ወስደህ በብዙ ትንንሽ ቀዳዳ በትነው፣ ወይም መጠኑ ትንሽ ከሆነ ከኋላ ገንዳ ሠርተህ ፀሐይ ታድርቀው። ጅቡቲ ላይ ፀሐይ አይጠፋም።

ግን ከሁሉ የሚረክሰው ያልተፈጀ ውኃ ነው። መዋኛ ገንዳ ካለ ሰርዘው። ፊት ለፊቱ ባሕር ያለበት ሎጅ ላይ ገንዳ ምን ይሠራል? ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ነዳፊው_ከዚራ

ገንዳ አለ 🙈

ሐረማያ_ዳር

ጋሼ መዋኛ ገንዳ እንዳለ እንዴት እንዳወቁ!

የሳቢያን_ልጅ

ቀልዱን ትቼ አንድ ቁም ነገር ልናገር። ያን ደረቅ ወንዝ አትናቀው። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። ድሬ ላይ አልዘነበም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ ላይ ተራራው ላይ ነበር። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። አሸዋው ለዓመታት ደረቅ ስለነበር ሰው ቤት ሠርቶበታል፣ ገበያ ቆሞበታል። ያንተ ደንበኛ «ወንዙ ደረቅ ነው፣ ሜዳ ነው» ብሎ መኪና ማቆሚያ እዚያ እንዳያስይዝህ።

ጋሽ_ውኃ

እግዚአብሔር ነፍስ ይማር። ልክ ብለሃል። ልጨምርበት፦ ያ ወንዝ ሲወርድ ለዳርቻው አሸዋ ያመጣል። በግንብ ከዘጋኸው ወይ ከጠበብከው ሎጅህ አደጋ ላይ ነው፣ አሸዋውም ምግቡን ያጣል። በግንባታ ጊዜ ደግሞ የቆፈርከውን አፈር ወንዙ አፍ ላይ አትከምር። አንድ ዶፍ ይበቃዋል፤ ደለሉ ኮራሉ ላይ ይተኛል።

ነዳፊው_ከዚራ

እንግዲህ ያሰመርኩትን ልንገራችሁ። ክፍሎቹን ኮረብታው ወገብ ላይ አውጥቻቸዋለሁ። እንደ ከዚራ የድሮ ባቡር ቤቶች አድርጌያቸዋለሁ፤ ጥልቅ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ የእንጨት መዝጊያ። በረንዳው ጥላ ይሰጣል፣ መብራቱንም ይደብቃል። ታች አሸዋው ላይ ምንም የለም፤ አንድ የእንጨት መተላለፊያ ብቻ፣ ቁጥቋጦውን በላዩ የሚያልፍ። የባሕሩ ከፍታም በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ እስከ 1 ሜትር ሊጨምር እንደሚችል ይነገራል። ዳርቻው በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ነው ከፍ የሚለው። አንድ ሜትር ቢጨምር ውኃው 50 ሜትር ገባ ማለት ነው። ደንበኛው የፈለገው ደረጃ ያኔ ዓሣ ነው የሚወጣበት።

የክፍሎቹን ቀፎ (ምሰሶና ግድግዳውን) ደግሞ እዚሁ ድሬ ላስገጣጥም አስቤያለሁ። የብረት ምሰሶው ጋልቫናይዝድ ሆኖ፣ የእንጨቱ ግድግዳ በፓነል ተቆርጦ፣ በደወሌ በኩል በጭነት መኪና ይሄዳል። እዚያ የሚቆፈረውና የሚቦካው ይቀንሳል። በሐምሌ ሙቀት ጅቡቲ ላይ ሲሚንቶ ማቡካት ለሠራተኛውም ለሲሚንቶውም ስቃይ ነው። የድልድዩ ምሰሶ የሚተከለው ግን ዓሣው በማይኖርበት ወቅት መሆን አለበት፤ የምሰሶ ምቱ ድምፅ ውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል።

ነጋዴው_ታይዋን

ድሬ ላይ ብየዳ የሚሠራ ጎበዝ ልጅ ከፈለግህ አለኝ። 😄 ግን ንገረኝ፣ ሰውየው ባውዛውንና ገንዳውን ሲያጣ ምን አለ?

ነዳፊው_ከዚራ

ገንዳውን በወጪው አሳመንኩት፤ ዋጋው ሲቀንስ ፊቱ በራ። ባውዛው ላይ ገና ነን። «እንግዳ ጨለማ ይፈራል» ይላል። ከውኃው ራቅ ማለቱንም በግድ ነው የተቀበለው፤ ለጊዜው ከጠርዙ 120 ሜትር ላይ ቆመናል። የግምገማው ባለሙያ ከዚህም ወደኋላ በሉ ካለ እሄዳለሁ። ወደፊት ግን አልመለስም ብዬዋለሁ።

እህተ_ባቢሌ

ጨለማውን ይሽጠው በለው! ጅቡቲ ላይ ከከተማ ወጥተህ ያለውን ሰማይ አይተኸዋል? እንግዳ ይከፍልበታል። ደግሞ ያነሣኸውን የቹምቤ ጠባቂዎች ነገር አትርሳው። ኤሊዋ የት እንደምትጥል የነገሩህ ሰዎች አሉ አይደል፤ ሥራው መጀመሪያ ለእነሱ ይሁን። ባቢሌ ላይ ያየሁት ይኸው ነው። ዝሆኑ የሚያመጣበት ጉዳት እንጂ ጥቅም የሌለው ገበሬ ዝሆኑን አይጠብቅም፤ አይፈረድበትምም።

ነዳፊው_ከዚራ

እሱን ውሉ ውስጥ እንዲያስገባ አነሣበታለሁ፤ ንድፍ ላይ ማሳየት የምችለው የጠባቂ ቤቱን ብቻ ነው። ባሕረኛ፣ አንድ የቀረኝ ነገር፦ የወጥ ቤት ቆሻሻውን ማቆያ ከክፍሎቹ ኋላ ነው ያደረግኩት። ችግር አለው?

ባሕረኛ_ታጁራ

በር ያለው፣ ወለሉ የሚታጠብ፣ ሽቦ የተወጠረበት ክፍል ከሆነ የለውም። ክፍት ከሆነ ቁራውም ውሻውም ቀበሮውም ይለምዱታል፤ ከዚያ ቀጥለው እንቁላሉን ነው የሚቆፍሩት። ሠራተኞቹ ድመት እንዳያመጡም አሁኑኑ ተነጋገሩ። አይጥ በዛ ብለው ማምጣታቸው አይቀርም።